መርዶ ነጋሪው

ቴአትር ሲማር በለቅሶ የሚስተካከለው አልነበረም። ወታደር ሲሆን አዛዡ ይህን ሰምቶ መርዶ ነጋሪ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ የሟች ቤተሰብ በር ያንኳኳል፤ አብሮ አልቅሶ ይመለሳል። ሥራውን አገር ስላወቀው ወታደሮቹም አጠገቡ መቀመጥ ተዉ።

በስንት ልመና ፈቃድ አገኘ። የጭነት መኪናው ሌሊቱን ተጉዞ ሲነጋጋ ሰፈሩ አደረሰው። የእናቱን በር አንኳኳ።

ከፍታ አየችው። "ሽመክቴን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ታናሽ ወንድሙ ሽመክትም ግንባር ነበር።

"እማዬ፣ ሽመክት ደህና ነው! እኔ ፈቃድ ወጥቼ ነው!"

"ተዋናይ መሆንህን አላጣሁትም" አለች ነጠላዋን እያዘቀዘቀች። "ደህና ከሆነ አንተ በዚህ ሰዓት ምን ልታደርግ መጣህ?"

ጎረቤቱ እየጮኸ ቤቱን ሞላው። እንኳን ደህና መጣህ ያለው ሰው አልነበረም።