የሰንደቁ ሌላኛ ጫፍ

ሻምበል ባሻ የነበረው ባሏ ሃያ ዓመት ሙሉ በወታደር ቀብር ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲያጥፍ ኖሯል። እቤት የሚለማመደው በአንሶላ ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሷ ትይዝለታለች። «ወጠር አድርጊው እንጂ!» ይላታል። አጥፎ ሲጨርስ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ፣ «በቃ፣ ተኛ» ይለዋል፣ አንሶላውን እንደ ሕፃን። ይህ በደንቡ የለም። እቤት ብቻ የምትወጣ የራሱ አመል ናት፤ ከእሷ በቀር ማንም አያውቃትም፤ በዚህም በሆዷ ትኮራ ነበር።

ዛሬ ሣጥኑ የእሱ ነው። ሁለቱን ወታደሮች ንፋሱ አሸነፋቸውና ሰንደቁን ሲያጥፉት ቀዩ ወደ ላይ ሆነባቸው። አላስችል አላት።

«ስጡኝ ልጆቼ፤ እንዲህማ ሆኖ አይሸኝም!» ብላ ተነሣች። «አንዱን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው!»

ከለቀስተኛው መሐል አንዲት የማታውቃት ጥቁር የለበሰች ሴት ወጥታ ያዘችላት። ማንም ሳይነግራት ወጠር አደረገችው፤ አረንጓዴውን ወደ ላይ አድርጋ እጥፉን አንድ በአንድ ተቀበለቻት።

«ተባረኪ እህቴ» አለቻት ባለቤቲቱ፣ ከልቧ።

ሴትዮዋ የሰማቻት አትመስልም። ዓይኗን ጨፍና ሰንደቁን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«በቃ፣ ተኛ» አለችው።