በእርሳስ የተሳለው ወደብ

ሞሪስ ፔንገሊ ሴትዮዋን የጠረጠራት ገና ከመጀመሪያው ማክሰኞ ጀምሮ ነው።

ሞሪስ ጡረታ የወጣ የጎታች ጀልባ ካፒቴን ነው። መርከብ መጎተቱ ሲቀርበት ጊዜውን ለፖርት ኤልሞር ሙዚየም በነጻ ሰጠ፤ ሙዚየሙም ወንበርና የስም ባጅ ሰጠው። ወንበሩ ከእርሳሱ ስዕል ፊት ለፊት ነው። ስዕሉን በቅድመ አያቶች ዘመን አንድ የባሕር ኃይል መኮንን መርከቡ ላይ ሆኖ ነው የሳለው። ያኔ ከተማው ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ አንድ አጭር የመርከብ ማራገፊያና ከጎኑ የአገሩ ነባር ሕዝብ የማኦሪዎች ሰፈር ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በማኦሪዎቹና በነጭ ሰፋሪዎቹ መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ነጮቹ በመርከብ ሸሹ፤ ከተማው ነደደ። ከቃጠሎው በፊት የነበረውን ወደብ የሚያሳይ ሌላ ምስል የለም። ሞሪስ ይህን ለጎብኚ ሁሉ ይናገራል፤ ላልጠየቀውም ጭምር።

ሁሪያ የምትባለው አሮጊት ግን አልጠየቀችውም። ከወደቡ ማዶ ካለው የማኦሪ መንደር በአውቶቡስ መጥታ፣ በሩ አጠገብ የቆመውን የዓሣ ነባሪ አጥንት ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ስዕሉ ፊት ቆመች። አንድ ዓይኗን ጨፍና ርቀት እንደሚለካ ሰው አውራ ጣቷን ወደ ስዕሉ ዘረጋች። ከዚያ ዞር ብላ ባጁን አነበበች።

"ፔንገሊ? ከድሮዎቹ ነህ?"

"ከመጀመሪያዎቹ። ከቃጠሎው በፊት የመጡ ናቸው" አለ ሞሪስ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

"እንግዲያው ተመልሳችሁ መጣችኋላ።"

ሞሪስ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረው።

በሚቀጥለው ማክሰኞም መጣች። ከዚያም በሚቀጥለው። አንድ ቀን አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠግታ፣ "ይሄ መስታወት ይነሳል?" አለችው።

"አይነሳም፣ እማማ።"

"ተጣብቆ ነው ወይስ አንተ እምቢ ብለህ?"

"እኔ እምቢ ብዬ።"

"እሺ። እቺ ዛፉ ሥር ያለችው ትንሽ አጥርስ ምንድን ናት?"

"የዶሮ ቤት ትሆናለች።"

"ዶሮ" አለችና ሳቀች። ሳቋ ብዙ አልቆየም።

ሞሪስ ለሙዚየሙ ኃላፊ ለፊሊፓ አመለከተ። "ልትሰርቀው ነው። መስታወቱ እንዴት እንደሚነሳ እያጠናች ነው።"

"ሞሪስ፣ ሴትዮዋ እኮ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ይዛው ብትሮጥ ትደርስባታለህ" አለች ፊሊፓ። "ለነገሩ ቅጂ አንስቼ ሰጥቻታለሁ።"

ሞሪስ ሄዶ ወንበሩን ወደ ስዕሉ አስጠጋ።

በዚያው ሳምንት የከተማው ምክር ቤት የወደቡ ዳር ያለውን ባዶ ቦታ አስፋልት አልብሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው መወሰኑ ተሰማ። በየስብሰባው እየተነሣ ለዚህ ከተሟገቱት አንዱ ሞሪስ ነበር፤ ማቆሚያ ከሌለ ጎብኚ የለም ባይ ነው። ዜናውን ሲሰማ ደስ አለው። ወዲያው ግን ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ሴትዮዋ የፈለገችው ስዕሉን አይደለም፤ መሬቱን ነው። የአባቶቼ ርስት ነው ብላ ሥራውን ልታስቆም ነው።

ማሽኖቹ ሊገቡ በተቃረቡበት ከሰዓት በኋላ ወደ ባዶው ቦታ ወረደ። እንደጠረጠረውም አገኛት። ቅጂውን በአንድ እጇ፣ ምርኩዟን በሌላው ይዛ ሳሩ ውስጥ ትዞራለች።

"ያዝኩዎት" አላት።

"ደግ አደረግህ፤ ደክሞኝ ነበር። እስቲ ይቺን ወረቀት ያዝልኝ።"

"እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"መቃብር እፈልጋለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ ሳሩን እያጨደች ታጸዳው ነበር። እኔ ኦክላንድ ከተማ ፋብሪካ ስሠራ እሷ ሞተች፤ እዚህም ከመንገድ ሥራ የተረፈ አፈር አምጥተው ደፉበት። ዛፉንም ቆረጡት። የቀረኝ ይሄ ስዕል ነው።"

ይኸው መጣ፣ አለ ሞሪስ በልቡ። ዞሮ መሄድ ይችል ነበር። ነገር ግን አሮጊቷ አውራ ጣቷን ዘርግታ ስዕሉ ላይ ያለውን አለት ከማይሆን ነገር ጋር ስታስተካክል ሲያይ አላስቻለውም።

"እንዲያ አይደለም። ሰውየው ያየው ከባሕር ነው፤ ከባሕር ነው መታየት ያለበት። እዚሁ ይቆዩኝ።"

ቅጂውን ይዞ እስከ አሁኑ ማራገፊያ ጫፍ ሄደ። ቦታው መኮንኑ መልሕቅ ከጣለበት ብዙም አይርቅም። ከዚያ ሆኖ መርከብ እንደሚያስጠጋ ሰው በእጁ ምልክት ይሰጣት ጀመር። ወደ ግራ። አሁንም ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ኋላ። ሁሪያ እንደ ከባድ ጭነት መርከብ በዝግታ እየዞረች ታዘዘችው። በመጨረሻ ሁለት እጁን ሲያነሳ ምርኩዟን መሬት ላይ ተከለች።

የተደፋው አፈር ጥልቅ አልነበረም። ሞሪስ ተንበርክኮ በእጁ ጫረ። መጀመሪያ የበሰበሰ የዛፍ ሥር ወጣ። ቀጥሎ በሥርዓት የተደረደሩ ነጭ ዛጎሎች ብቅ አሉ። ዙሪያውን ሲጠርገው ቦታው ትንሽ ነበር፤ የሕፃን ልክ።

ሁሪያ እየተደገፈች ተቀመጠችና በቋንቋዋ ዝግ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር አዜመች። ሞሪስ ባርኔጣውን አወለቀ። በየስብሰባው እየተነሣ የተናገረው ሁሉ ትዝ ብሎት ፊቱ ጋለ።

"መጀመሪያውኑ ለምን አልነገሩኝም?"

"ሳላገኛት ምን ብዬ ልንገርህ?"

"ነገ ጠዋት ራሴ ምክር ቤት እሄዳለሁ። እዚህ አንድም ማሽን አይገባም" አለ። "በወገንዎ መቃብር ላይ መኪና ይቁም ብዬ በመሟገቴ ይቅር ይበሉኝ።"

ሁሪያ እንዲያነሳት እጇን ዘረጋችለት፤ ቆማም ቀሚሷ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች።

"የኛ አይደለችም፣ ካፒቴን። ወላጆቿ ወደ መርከቡ ሲሸሹ መቃብሯን ለቅድመ አያቴ አደራ ያሉላት የናንተው ልጅ ናት፤ ፔንገሊ ናት።"