ከጣቴ በላይ

የቆረጠው ደረቁን መስሎት ነበር። መቀሱ ሲገጥም ግን እጁ ቀድሞ አወቀ፤ ደረቅ እንጨት እንዲህ ለስለስ ብሎ አይቆረጥም። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እርጥብ ነው።

ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ክሌማቲስ የሚሉት ሐረግ ሽቦውን ተከትሎ እስከ መስኮቱ ወጥቷል፤ መዳፍ የሚያህሉት ሐምራዊ አበቦቹ እንዳማረባቸው ናቸው። የግንዱ መቆረጥ መርዶ ገና እላይ አልደረሰም።

ሐረጉ የሴት ልጁ ነው። እዚህ ቤት በገቡ ሰሞን ጉድጓዱን አጥልቃ ተከለችው፤ ሥሩ ጥላ ይወዳል ብላ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስጠጋችለት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ አበባ ሳያሳያት ውኃ ስታመላልስለት፣ አባት «አንቺ፣ ይሄ እኮ ቀለብተኛ ነው» እያለ ሲቀልድባት ከረመ። ዘንድሮ ነው ሐረጉ አብቦ አፉን ያስያዘው።

ድንጋዩን ገፋ አድርጎ ቁርጡን ሸፈነው። ወዲያው አፈረ። አርባ ዓመት ፀጉር ሲያስተካክል የደንበኛ ጆሮ ጫር ቢያደርግ እንኳ ደብቆ አያውቅም። ግን ዓይኑ መድከሙን ልጁ ስትጠረጥር መጀመሪያ ምላጩን፣ ቀጥሎ የወጥ ቤቱን ቢላዋ ከእጁ ወስዳለች። የቀረው ይህ መቀስ ነው። እሱም ከተወሰደ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል ብቻ ነው የሚተርፈው።

አረም የሚነቅል መስሎ እዚያው ቁጢጥ አለ። ፀሐይ ግድግዳውን ካገኘችው በኋላ እንኳ አልተነሣም።

«አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ፀሐዩ ብሶበታል» አለች ልጁ ከበሩ ብቅ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ ሐረጉን አየች። አናቱ ላይ ቅጠሎቹ ጠውልገው ተንጠልጥለዋል። ሐረጉን በጣቷ እየተከተለች ወረደችና ድንጋዩን አነሣች።

«እኔ ነኝ» አለ ሳትጠይቀው። «ደረቁን መስሎኝ ነው። አላየሁትም፣ ልጄ።»

አላየሁትም ማለት ከአፉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። መቀሱን በእጀታው በኩል ዘረጋላት።

አልተቀበለችውም። ፊቷን ወደ አበቦቹ አዙራ ቆየች፤ ከፍቷታል። ወደ እሱ ስትዞር ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«ለመሆኑ ድሮ ፀጉር የምትቆርጠው በዓይንህ ብቻ ነበር? እኔን ስታስተካክለኝ ጆሮዬን በግራ እጅህ ሳትይዝ መቀስ አታስጠጋም ነበር።»

«እሱማ ጆሮ ነው።»

«ዛሬ ግራ እጅህ የት ሄዶ ነው?»

ግራ እጁን አሁንም ከኪሱ አላወጣውም። «ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ።

ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከጎኑ ተንበርክካ አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች።

«አጥልቄ የተከልኩት እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ብዬ ነው። ከአፈሩ ሥር አንጓ አለው፣ ከዚያ ያቆጠቁጣል። ይሄ ጉቶ ግን ተሰንጥቋል፤ ዝቅ ተደርጎ በደንብ መቆረጥ አለበት።»

«በይ ቁረጪው።»

«ፀጉር አስተካካዩ አንተ አይደለህ?» ሌባ ጣቷን አፈሩ አጠገብ ጉቶው ላይ አሳረፈች። «ከጣቴ በላይ።»

ሽማግሌው ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጉቶውን እየዳበሰ ወርዶ የልጁን ጣት አገኘና፣ እንደ ጆሮ በእጁ ከለለው። መቀሱን አስጠጋ።

ጣቷ ንቅንቅ አላለም።