የገና ስድብ

ከደብረ ታቦር ተራራ ሥር፣ በገናው ጨዋታ፣ የእንጨቷ ኳስ፣ ሩሯ፣ የላይ መንደርን ድንበር አልፋ ስትሄድ ሜዳው በሆታ ተናወጠ። የመታት ፈንታሁን ነበር፤ የላይ መንደር ልጅ ሆኖ ሳለ ታች መንደር ሚስት አግብቶ ዘንድሮ ለአማቾቹ የተጫወተው። እንደ ወጉ፣ ተሸናፊዎቹን በግጥም የሚሰድበው እሱ ነው። ከፊቱ ግን፣ ከተሸናፊዎቹ መሀል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የገና ዱላ አያያዝ ያስተማሩት አያ ዘውገ፣ በዘመቻ የተሰበረ እግራቸውን በዱላ ደግፈው ቆመዋል። ፈንታሁን የገና ዱላውን ተሸክሞ ሊሄድ ዞረ።

«አሸንፈኸኝ ሳትሰድበኝ ልትሄድ ነው?» ሲሉ ተቆጡ። «እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርሁህ?»

«አንቱን ምን ብዬ፣ አያ?»

«ከእግሬ ጀምር።»

ፈንታሁን ስለዚያች ሸፋፋ እግር ግጥም አወረደ። የታች መንደር ጎረምሶች አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ አያ ዘውገ እያጨበጨቡ ቀድመው አዝማቹን ተቀበሉለት።