ንጹህ ነው አሉኝ

«ንጹህ ነው አሉኝ!» ትላለች ሳቂታ ከሐኪሙ ክፍል እየወጣች። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ቀና ይላሉ። ባሏ ቦርሳዋን እንደያዘ ብድግ ብሎ ያቅፋታል።

አጠገባቸው ተራዋን የምትጠብቀው ልብስ ሰፊዋም እንኳን ደስ አለሽ ትላታለች። ፊቷ ይስቃል፣ ሆዷ ግን ያርራል።

ሁለቱም የእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር ይዟቸው ነበር። የኬሞ መድኃኒቱን የወሰዱት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው፤ ፀጉራቸው የረገፈውም አንድ ሰሞን። ሳቂታ የሚለውን ስም ያወጣችላት ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ መርፌው ክንዷ ላይ ተሰክቶ እንኳ ነርሶቹን ታስቅ ስለነበር። ያኔ እንደ እህት ትወዳት ነበር። አሁን የሞላ ጉንጯን፣ ትከሻዋ ላይ ያረፈውን የባሏን እጅ ታያለች። እሷ ምን ስላደረገች ነው? እኔስ ምን አጠፋሁ? ቅድም ሳቂታ ወደ ሐኪሙ ስትገባ፣ ትንሽ ደንግጣ እንድትወጣ ተመኝታባት ነበር። ትንሽ ብቻ።

«እህቴ፣ ደግሞ ሥራ አመጣሁልሽ» ትላለች ሳቂታ ጎንበስ ብላ። «ይሄ ቀሚስ ወገቡ ጠበበኝ። ታሰፊልኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ እየከሳች የራሷን ቀሚሶች ስታጠብብ ነው የከረመችው። መቀሱን ባነሳች ቁጥር «በሽታው እየበላኝ ነው» ትላለች። ይቺ ደግሞ ወፍራ ጠበበኝ ትላለች!

«አምጪው» ትልና ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ትነሳለች።

ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ ሳቂታ ትገባለች። በሩን ዘግታ ትደገፈዋለች። ሳቋ የለም።

«አንቺ ሰው ስትለኪ ነው የምትውይው» ትላለች ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። «እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ውፍረት ነው ወይስ በሽታው የሚያመጣው ውሃ?»

«ንጹህ ነው ብለውሽ የለ እንዴ?»

«ብለውኛል። መጀመሪያም የጀመረኝ እኮ እንዲሁ ነው፤ ወፈርኩ ብዬ ስደሰት። አሁን ጠዋት ሆዴን ሳልዳብስ ከአልጋ አልወርድም። ባሌ እንዲህ ደስ ብሎት ምን ብዬ ልንገረው?» ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። «አንቺን ሳይ እንዴት እንደምቀና ብታውቂ! ወገብሽ ሸንቃጣ፣ ሆድሽ ልጥፍ ያለ። እሷስ ድናለች እላለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ወገቧን ታያለች። ይሄን ወገብ! መስታወት ፊት የሚያስለቅሳትን!

ከዚያ ለማንም ያልነገረችው ያመልጣታል። «እኔን ደግሞ ሰሞኑን በግራ በኩል ይወጋኛል። ለሐኪሙም ላልነግረው ነበር።»

ሳቂታ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አትላትም። «የቱ ጋ?» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ የሳቂታን እጅ ይዛ ቦታው ላይ ታሳርፈዋለች።

ከውጭ ነርሷ የልብስ ሰፊዋን ተራ ትጠራለች። ሳቂታ ባሏን «አንተ መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ» ትለውና ሳትጠየቅ ተከትላት ትገባለች።

ሐኪሙ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያየ ልብስ ሰፊዋን ይጠይቃታል። «ካለፈው ወዲህ አዲስ ነገር አለ?»

ልብስ ሰፊዋ፣ ሳቂታ ወንበር ስባ ከጎኗ ስትቀመጥ ትሰማለች።

«አለ» ትላለች።