የዳገቷ ጆግ

አባቷ ብርጭቆውን ሲያነሳ ልጅቷ የበግ ጥብሱን መቁረጧን አቆመች። ቤታቸው የሚጠመቀው ቀይ ወይን ጠጅ ቅልቅል ሁሌም የሚጠናቀቀው፣ አባቷ በእጁ ከተከላት የዳገት የወይን ማሳ በሚጨምራት አንድ ጆግ ነበር። ዘንድሮ ግን የዳገቷ ወይን ጠጅ ስለኮመጠጠችባት፣ ጆጉን ሳያያት ከሜዳው ማሳ ወይን ጠጅ ሞልታ አቀበለችው። እሱም አምኗት በሁለት እጁ ጨመረው።

አሁን በማዕዱ ላይ ቅልቅሉን አጣጣመው። "የእንጆሪው ጣዕም፣ የቁንዶ በርበሬው ሽታ፣ ደግሞ ከሥጋው ጋር ሲሄድ!" አለ ለእንግዶቹ። "ነፍስ የዘራችበት የእኔዋ የዳገቷ ናት።" እንግዶቹ አጨበጨቡ። እሷ ወደ ጥብሱ አቀርቅራ መቁረጧን ቀጠለች።

ጭብጨባው ሲበርድ አባቷ ሥጋ የሚያነሳ መስሎ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

"የኔ ልጅ፣" አላት በጆሮዋ፣ "ለመሆኑ የእኔዋን የት ደፋሻት?"