የሚልክያስ ደረጃ

ሚልክያስ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ አባቱ የልጁን ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ልጁ ይጫወተው የነበረውን የኢንተርኔት ጨዋታ በልጁ ስም መጫወት ጀመረ። ሳይጫወት የቆየ ሰው ደረጃው እንደሚወርድ አንብቦ ነበር። እንዲወርድ አልፈለገም፤ ከዚያ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ለብቻው ሲገባ ግን ተሸነፈ፤ ደግሞም ተሸነፈ። ጣቶቹ አይታዘዙለትም። ልጁ በዓመታት የወጣውን እሱ በሳምንታት አወረደው። ቁጥሩ ሲቀንስ ያያል፤ ምንም አይሰማውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አራቱ የልጁ የቡድን ጓደኞች ጻፉለት።

“ሚኪ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ? ከእኛ ጋር ግባ። በቡድን ስንጫወት ደረጃው የሁላችንም ነው።”

መሞቱን አልሰሙም ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ሊነግራቸው መጻፍ ጀምሮ አጠፋው። ድምፁን እንዳይሰሙ ማይኩን ዘግቶ ገባ።

እሱ ሲሳሳት አራቱ ይደርሱለታል፤ ያሸንፋሉ። ደረጃው መውረዱን አቆመ፤ እያደር መውጣት ጀመረ። እሱ ግን ያው ነው፤ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ይነሳል።

ክረምቱ ሲገባ በአንዱ ጨዋታ መሃል ጠላት ከበበው። ሶስና የምትባለው የቡድኑ ልጅ ደንግጣ ጮኸች።

“አባባ፣ ወደ ግራ ይዙሩ!”

አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ማይኩን ከፈተ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቃችሁት?”



“ቀብሩ ላይ ነበርን” አለች ሶስና። “አሁን ይዙሩ፣ እየመጡብዎት ነው።”